ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ የኦዲዮ ዕቃ ሱቅ ሥራና "አይሠራም" ተብሎ የተመለሰ ዕቃ

ባንኮኒ ጀርባ ቆመው ለሚውሉም፣ ባንኮኒ ፊት ቆመው ለሚከራከሩም።

የኦዲዮ ዕቃ ሱቅ ለመቀጠር የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። መርካቶም ሆነ መገናኛ ካሉት ሻጮች ብዙዎቹ ሥራውን የለመዱት እዚያው ቆመው ነው። እኔም እንደዚያው። መጀመሪያ ካርቶን ያሸክሙሃል። ቀጥሎ ዋጋ ታጠናለህ። ከዚያ አንድ ቀን ባለሱቁ ምሳ ሲወጣ ብቻህን ትቀራለህ። ሥራው የሚጀምረው ያን ቀን ነው፤ "ትናንት የገዛሁት አይሠራም" የሚል ሰው የሚመጣው ሁሌም ያን ቀን ነውና።

መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ስሞቹን መለየት ነው። ቀጭኑ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ የስልክና የላፕቶፕ ነው። ወፍራሙ 6.35 ሚሊሜትር የጊታር፣ የሚክሰርና የትልልቅ ሄድፎን ነው። ቀይና ነጩ አርሲኤ ከቲቪና ከድሮ ቴፕ ጋር ይመጣል፤ ቀዩ የቀኝ ነው። ባለሦስት ፒኑ ኤክስኤልአር የማይክ ነው። ደንበኛ ግን በእነዚህ ስሞች አይጠራቸውም። "ያቺ ቀጭኗ"፣ "ከዲሹ ጀርባ የምትሰካዋ" ነው የሚላችሁ። ትልቅ ስፒከር ሁሉ ደግሞ "ሞንታርቦ" ነው። ሞንታርቦ የአንድ የጣሊያን ፋብሪካ ስም መሆኑን ያወቅሁት ሱቅ ከገባሁ በኋላ ነው። ስለዚህ "ሞንታርቦ አለ?" ሲሏችሁ ብራንድ የጠየቁ እንዳይመስላችሁ።

ሱቁ ውስጥ የግድ መኖር ያለበት የመሞከሪያ ዕቃ ምንድን ነው?

ደህና መሆናቸውን የምታውቋቸው አራት ነገሮች፦ አንድ ባለገመድ ኢርፎን፣ የኢርፎን ቀዳዳ ያለው አሮጌ ስልክ፣ አንድ ቻርጀር ከነገመዱ፣ እና ቴስተር፣ ማለትም ቮልትና የተበጠሰ ሽቦ የሚለካው መሣሪያ። ውድ መሆን የለባቸውም። እርግጠኛ የሚሆኑባቸው መሆን አለባቸው። ቀይ ፕላስተር ለጥፉባቸው። እኛ ሱቅ ያልለጠፍን ጊዜ አንድ ጎበዝ ባልደረባችን መሞከሪያዋን ኢርፎን ሸጣት።

አሞካከሩ ቀላል ነው። የደንበኛው ኢርፎን በእናንተ ስልክ፣ የእናንተ ኢርፎን በደንበኛው ስልክ። አንድ በአንድ ነው የሚቀየረው፤ ሁለቱን በአንዴ ከቀየራችሁ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አታውቁም። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ደንበኛው እያየ፣ ከተቻለም ራሱ ጆሮው ላይ አድርጎ ይሁን። ወደ ጓዳ ወስዳችሁ "ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል" ብትሉ ማንም አያምናችሁም። እኔም አላምናችሁም።

አንድ ጆሮ ብቻ ነው የሚሰማው። ኢርፎኑ ተበላሽቷል ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ልጅ ኢርፎን መለሰልኝ፤ ቀየርኩለት። ከሰዓት ተመልሶ መጣ፤ ደግሜ ቀየርኩለት። በማግሥቱ ሦስተኛውን ይዞ ሲመጣ ባለሱቁ ስልኩን ተቀብሎ ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አዞረው። ስቴኪኒ አነሣና ቀስ ብሎ ጎረጎረው። ከውስጥ የወጣው የጂንስ ኪስ ብናኝ ነበር፤ ተጠቅጥቆ፣ ተጠቅጥቆ እንደ ምንጣፍ የደደረ። ጃኩ አንድ ሚሊሜትር ያህል ሳይገባ ይቀር ነበር። ሦስቱም ኢርፎኖች ደህና ነበሩ። ማሸጊያቸው ግን ተቀዷል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀዳዳውን እዩ። ቀጥሎ የስልኩን ሴቲንግ ክፈቱ። አንድሮይድም ሆነ አይፎን "አክሰሲቢሊቲ" ውስጥ የግራና የቀኝ ድምፅ ማመጣጠኛ አላቸው፤ ልጅ ሲነካካው ወደ አንድ ጥግ ይሄዳል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ሙዚቃ እየተጫወተ የገመዱን አንገት፣ ማለትም ከጃኩ የሚወጣበትን ቦታ፣ ወዲያ ወዲህ እጠፉት። ድምፁ ሄድ መጣ ካለ ውስጡ ያለው ሽቦ ተበጥሷል። በብዛት የሚበጠሰው እዚያ ነው፤ ሰው ኢርፎን የሚነቅለው ጃኩን ይዞ ሳይሆን ገመዱን ስቦ ነውና።

አንዱ ጆሮ ጨርሶ ሳይጠፋ ከቀነሰ ደግሞ ወንፊቱን ተመልከቱ። የጆሮ ኩክ ነው። በደረቅ የጥርስ ብሩሽ፣ ፊቱን ወደ መሬት ደፍታችሁ ጥረጉት። ለደንበኛው ሲነግሩት ግን ድምፅ ዝቅ ይደረጋል።

አዲስ ኤርፖድ ገዛሁ። አንደኛው ጭራሽ አይነሣም።

ኤርፖድ ስል በአፕል የተሠራውን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ገመድ የሌለው ኢርፎን ሁሉ ኤርፖድ ነው። መጀመሪያ ሁለቱን አውጡና ከታች ያሉትን የብረት ነጥቦች እዩ። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲመጡ ነጥቦቹ ላይ ቀጭን ላስቲክ ይለጠፍባቸዋል፤ መንገድ ላይ ባትሪው እንዳያልቅ ነው። ላስቲኩ ግልጽ ስለሆነ አይታይም። አንዱን ልጦ ሌላውን የረሳ ሰው "አንድ ጆሮ ሞቶ መጣ" ብሎ በዚያው ቀን ይመለሳል። በጥፍር ላጥ ታደርጉታላችሁ፣ አለቀ።

ላስቲክ ከሌለ ነጥቦቹን በደረቅ ጨርቅ አብሱ። ከዚያ ስልኩ ብሉቱዝ ውስጥ ገብታችሁ ስሙን አጥፉት፤ ሁለቱንም ኬዙ ውስጥ መልሱና ቁልፉን አስር ሰከንድ ገደማ ተጭናችሁ ያዙ። እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ወረቀቱን የሚያነብ ግን የለም። ሁለቱ ጆሮዎች እርስ በርስ ተጠፋፍተው ከሆነ በዚህ ይገናኛሉ።

ስፒከሩ በአንዱ ገመድ ቻርጅ ያደርጋል፣ በሌላው አያደርግም። ለምን?

ይህ ጥያቄ ሻጭንም ያሞኛል። ደንበኛው አዲስ ስልክ አለው፤ ቻርጀሩ በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ ነው። ስልኩን እንደ ጉድ ይሞላል። ከኛ የገዛትን ትንሽ ስፒከር ግን አንድ መብራት እንኳ አያበራላትም። እኛ ደግሞ በድሮው ገመድ፣ አንደኛው ጫፍ ትልቁ ዩኤስቢ በሆነው፣ ስንሰካት ትሞላለች።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሁለት ጫፉ ታይፕ ሲ የሆነ ቻርጀር ኃይል ከመልቀቁ በፊት "ማን ነህ?" ብሎ ይጠይቃል። ዕቃው ውስጥ ያሉ ሁለት ትንንሽ 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ናቸው መልስ የሚሰጡት። ርካሽ አምራች ሳንቲም ለማትረፍ እነሱን ያስቀራቸዋል። ቻርጀሩ መልስ ስላላገኘ ዝም ይላል። የድሮው ገመድ ግን አይጠይቅም፤ 5 ቮልቱን ዝም ብሎ ይለቃል። ስለዚህ ስፒከሩ ጉድለት አለበት፣ ግን ይሠራል። እኔ ሳልጠየቅ ከሽያጭ በፊት እናገራለሁ፦ "እህት፣ ይቺን በድሮው ገመድ ነው የምትሞያት።" እስካሁን በዚህ ምክንያት ትቼዋለሁ ያለኝ ሰው የለም።

ሙዚቃው ይሰማል፤ ዘፋኙ ግን ጠፋ። እንዴት ሊሆን ይችላል?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ነው። አንድ ሽማግሌ ኢርፎን ይዘው መጡና "ልጄ፣ ክራሩ አለ፣ ሰውዬው የለም" አሉኝ። አዳመጥኩት። እውነታቸውን ነው። ክራሩ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ይሰማል፤ ዘፋኙ ግን ጭራሽ የለም።

ዘፈን ሲቀዳ የዘፋኙ ድምፅ ብዙ ጊዜ ግራና ቀኝ እኩል ይደረጋል። የኢርፎኑ ግራውንድ፣ ማለትም ሁለቱ ጆሮዎች የሚጋሩት መመለሻ ሽቦ፣ ከጠፋ ወይም ከተሳሳተ ሁለቱ ጆሮዎች የሚያሰሙት በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ይሆናል። እኩል የሆነው ይጠፋፋል፤ ዘፋኙም አብሮ ይሄዳል። ግራውንዱ የሚጠፋው ወይ ጃኩ እስከ መጨረሻው ስላልገባ ነው፣ ወይ ሽቦው ስለተበጠሰ ነው፣ ወይ ደግሞ ኢርፎኑ በድሮው አሠራር የተሠራ ስለሆነ ነው። ማይክ ያለው ጃክ ከጫፉ ሲቆጠር አራት የብረት ክፍሎች አሉት። ሲቲአይኤ በሚባለው አሠራር ሦስተኛው ግራውንድ፣ አራተኛው ማይክ ነው፤ ኦኤምቲፒ በሚባለው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። የአሁን ስልኮች ሲቲአይኤ ናቸው።

መለያው ቀላል ነው፦ የማይኩን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ። ስትጫኑ ዘፋኙ ከተመለሰና ስትለቁ ከጠፋ አሠራሩ ነው የተለያየው፤ ሌላ ኢርፎን ስጡት። የሽማግሌው ግን ጃኩ ነበር። የስልካቸው መሸፈኛ ወፍራም ስለሆነ አላስገባ ብሎት ነው። መሸፈኛውን ሳወልቀው ዘፋኙ መጣ። እሳቸው ሳቁ፤ እኔን መርቀውኝ ሄዱ።

አዲሱ ስልኬ የኢርፎን ቀዳዳ የለውም። የገዛሁት መቀየሪያ ለጓደኛዬ ይሠራል፣ ለእኔ አይሠራም።

አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7ን ያለ ኢርፎን ቀዳዳ ሲያወጣ ብዙ ሰው ሳቀ። ሳምሰንግም በ2019 ኖት 10 ላይ አስቀረው። ያኔ እኛ መቀየሪያ መሸጥ ጀመርን።

መቀየሪያ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። አንዱ ውስጡ ሽቦ ብቻ ነው፤ ድምፁን ስልኩ ራሱ አዘጋጅቶ በታይፕ ሲ በኩል እንዲልክለት ይጠብቃል። ሌላው የራሱ ትንሽ ቺፕ አለው፤ ዲጂታሉን ራሱ ወደ ድምፅ ይቀይራል። ብዙ ስልኮች ድምፁን አዘጋጅተው አይልኩም። ሽቦ ብቻ የሆነው እነሱ ላይ ሲሰካ ዝም ነው። ስለዚህ ስትሸጡ ባለቺፑን ሽጡ፤ ጥቂት ቢወደድም ተመላሽ የለውም። ስትገዙ ደግሞ በራሳችሁ ስልክ ሳትሞክሩ ከሱቅ አትውጡ።

ኦሪጅናል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በዋጋው። ሌላው መለያ ሁሉ ተበልቷል። የኤርፖዱ ኬዝ ሲከፈት አይፎን ላይ ሥዕሉ ብቅ ማለቱ ማስረጃ አይደለም፤ ኮፒውም ብቅ ያደርገዋል። ሲሪያል ቁጥሩ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ መገኘቱም አይበቃም፤ የእውነተኛ ዕቃ ቁጥር ሺህ ሣጥን ላይ ይታተማል። ውጭ አገር በብዙ መቶ ዶላር የሚሸጥ ዕቃ እዚህ በሁለት ምሳ ዋጋ ከተገኘ መልሱ እዚያው አለ።

ኮፒ መሸጥ ልማድ ሆኗል፤ እኔ ልሰብክ አልተቀመጥኩም። ግን "ኮፒ ነው" ብሎ ሸጦ ያጣ ሻጭ አላየሁም። "ኦሪጅናል ነው" ብሎ ሸጦ የተሰደበ ግን በየቀኑ አያለሁ።

ሣጥኑ 1000 ዋት ይላል። ጎረቤት ለምን አይሰማውም?

ፒኤምፒኦ የሚለውን ጽሑፍ ፈልጉ። ለማስታወቂያ የተፈጠረ ቁጥር ነው። ቁም ነገር ያለው አርኤምኤስ የሚለው ነው፤ ስፒከሩ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል። እሱ ካልተጻፈ አዳፕተሩን ገልብጡና አንብቡ። 12 ቮልት 2 አምፒር ካለ ሁለቱን አባዙ፦ 24 ዋት። ከአዳፕተሩ 24 ዋት የሚያገኝ ዕቃ ሺህ ዋት ከየት አምጥቶ ይሰጣል?

ዘመድ ከአሜሪካ ስፒከር ላከልኝ። ስሰካው "ቷ" አለና ጭስ ወጣ። ይሠራል?

አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። እኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነን። ከመሰካታችሁ በፊት ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ሹካውን ብቻ ቀይራችሁ ስኩት። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ የትራንስፎርመሩ ዋት ከስፒከሩ በደንብ መብለጥ አለበት። አንዳንዱ አምፕሊፋየር ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ አለው። ያንን ያላየ ሰው ብዙ ዕቃ አቃጥሏል።

አንዴ የጨሰው ሁሉ አልሞተም። ዕድለኛ ከሆናችሁ ፊውዙ ብቻ ነው የሄደው፤ ካልሆነ የኃይል ክፍሉ ካፓሲተሮች ናቸው። ጠጋኝ ዘንድ ውሰዱት። ወደ ሱቅ ግን አታምጡት፤ ያልሸጥነውን አንቀይርም። ከዱባይ የመጣ ዕቃ ይህ ችግር የለበትም፤ ቮልቱ ከኛ ጋር ይቀራረባል፣ ባለሦስት ጠፍጣፋ ሹካው ብቻ ነው የሚያስቸግረው።

የሸጥንለት ሞንታርቦ ፕሮግራም መሃል ያፏጫል፣ አንዳንዴም "እንንን" ይላል። እንዴት ነው የምመልሰው?

በስልክ ይደውሉላችኋል፤ ሰርግ መሃል ናቸው፤ ከኋላ ሰው ይጮኻል። መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ፉጨቱ የስፒከሩ ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ማይክ የያዘው ሰው ከስፒከሩ ፊት ቆሟል ማለት ነው። ስፒከሩን ወደ ፊት አውጡት፣ ሰውየውን ወደ ኋላ መልሱት፣ ድምፁን ትንሽ ቀንሱ። ዕቃው ደህና ነው።

"እንንን" የሚለው ከመብራቱ ነው። ላፕቶፑ በአንድ ሶኬት፣ ሚክሰሩ በሌላ ሶኬት ሲሰካ ኤሌክትሪኩ በግራውንዱ በኩል ይዞራል። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ በሏቸው። ድምፁ ከጠፋ ምክንያቱ ተገኘ፤ ሁሉንም በአንድ ዲቫይደር ላይ ይሰኩ። አንዳንድ "አዋቂ" የሹካውን ግራውንድ ቆርጦ ይጥላል። ድምፁ ሊጠፋ ይችላል፤ ሰው ግን በመብራት ይያዛል። እንዳታደርጉት።

ንቀል ስትሏቸውም ካልጠፋ የማይኩን ገመድ ቀይሩ። ኤክስኤልአር ላይ ፒን 1 ግራውንድ ነው፤ እሱ ከለቀቀ ይጮኻል። በካውያ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለት ስፒከር ተገናኝቶ "ቤዝ የለውም" ካሏችሁ ደግሞ የአንዱ ሽቦ ተገልብጧል፤ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር።

ባትሪው አብጦ የመጣ ስፒከር ምን ላድርገው?

አትሰኩት፣ አትውጉት፣ አትጫኑት። ከካርቶን ራቅ አድርጋችሁ በብረት ወይም በሸክላ ዕቃ፣ ቢቻል አሸዋ ላይ አስቀምጡት። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ሲበሳ ይነድዳል፤ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ያለው ሁሉ ካርቶንና ፕላስቲክ ነው።

ካላበጠ፣ ዝም ብሎ ከሞተ፣ ተስፋ አለው። ብዙ ስፒከር ውስጥ ያለው ባትሪ 18650 የሚባለው ነው፤ ስሙ ልኩ ነው፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። ጠጋኝ ይቀይረዋል። የሱቅ ዕቃም መደርደሪያ ላይ ለወራት ተረስቶ ባትሪው ተሟጦ ይሞታል። እኔ በየሦስት ወሩ እያወረድኩ ግማሽ ያህል እሞላቸዋለሁ። አሰልቺ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ደንበኛ ሳይበዛ ይሠራል።

"የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት ለጥፈናል። ያዋጣል?

ዕቃው ጉድለት ካለበት አያዋጣም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። የእናንተ ወረቀት አዋጁን አይሽረውም። ሱቁ ከዚያ የረዘመ ጋራንቲ ሰጥቶ ከሆነ ደግሞ የራሱ ቃል ይይዘዋል።

"ቀለሙን አልወደድኩትም"፣ "ባለቤቴ ሌላ ገዝቶ ጠበቀኝ" የሚለው ግን ጉድለት አይደለም። እሱ በመግባባት ነው። እኔ ካልተከፈተ እቀይራለሁ፤ ያው ደንበኛ ነው፣ ነገ ሌላ ሰው ይዞ ይመጣል። ደረሰኝ ደግሞ ለሁለታችሁም ይጠቅማል። ደረሰኝ ያልሰጠ ሻጭ "ከኔ አልገዛህም" ሊል ይችላል፤ ግን ደንበኛውም ከሌላ ሱቅ የገዛውን "ከናንተ ነው" ሊል ይችላል። ደርሶብኝ ነው የምናገረው።

ደንበኛው ራሱ አበላሽቶት እንደሆነ እንዴት ልለይ?

ዕቃው ይናገራል። ውሃ የገባበት ስፒከር የቻርጅ ቀዳዳው ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ይታያል። የተጎተተ ገመድ አንገቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይሰነጠቃል። የወደቀ ሄድፎን ጥግ ላይ ጭረት አለው። ያልተስማማ አዳፕተር የተሰካበት ዕቃ ሲከፈት የተቃጠለ ይሸታል፤ ያ ሽታ አይረሳም።

ግን አነጋገሩ ላይ ነው ቁም ነገሩ። "አንተ ነህ ያበላሸኸው" ካላችሁ ነገሩ ኢርፎን መሆኑ ይቀርና ክብር ይሆናል። "ወንድም፣ እስቲ አብረን እንየው፤ እዚህ ጋ አረንጓዴውን ታያለህ?" በሉት። አብዛኛው ሰው ያኔ "ልጄ ባልዲ ውስጥ ከታው" ብሎ ራሱ ይነግራችኋል። ለእናቶችና ለትልልቅ ሰዎች ደግሞ ወንበር ስጡ። የተቀመጠ ሰው አይጮኽም።

ሙሉ ካርቶኑ ችግር አለበት። አስመጪው አልቀይርም ካለኝስ?

ካርቶኑን ስትረከቡ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች አንድ አንድ አውጥታችሁ እዚያው ሞክሩ። ከላይ ብቻ አይደለም፤ የላይኛው ሁሌም ደህና ነው። ከዚያ በፊት ግን "ስንት በመቶ መልስ ትቀበላለህ?" ብላችሁ ተስማሙ፤ ደረሰኙ ጀርባ ላይም ቢሆን ይጻፍ። በቃል ያለው ነገር አስመጪው ሲቀየም ይጠፋል።

ተመላሾቹን አትበትኑ። እያንዳንዱ ላይ ቀንና ምን እንደሆነ ጻፉ፦ "ግራው አይሰማም"፣ "ቻርጅ አይቀበልም"። አንድ ዓይነት ችግር ያለባቸው አስራ አምስት ኢርፎኖች ጠረጴዛው ላይ ሲደረደሩለት "ደንበኛ ነው ያበላሸው" ማለት ያፍራል። እንቢ ካለም በሚቀጥለው ጊዜ የት እንደማትገዙ አወቃችሁ።

የተበላሸው ዕቃ ከደሞዜ ይቆረጣል?

ባለሱቁ እንደፈለገ መቁረጥ አይችልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደሞዝ ለመቁረጥ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ቢቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዝ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። በየሱቁ ግን "ትከፍላለህ" የሚባለው በቃል ነው፤ ልጁም ሥራውን ስለሚፈራ ዝም ይላል። ስትቀጠሩ ጠይቁ። የፋብሪካ ብልሽት የማን ነው? የመሰረቅስ? ባለሱቁ በጥያቄው ከተቆጣ መልሱን አግኝታችኋል።

ባለሱቁ የተመለሰውን አሽገህ እንደ አዲስ ሽጠው ቢለኝስ?

ይህን የሚጠይቁኝ በስልክ ነው፤ ባንኮኒው ጋ ሆነው አይጠይቁም። ማሸጊያ ላስቲክና የፀጉር ማድረቂያ ያለው ሰው ማንኛውንም ሣጥን አዲስ ማስመሰል ይችላል። ችግሩ ዕቃው ተመልሶ ይመጣል። ያኔ ፊት ለፊት የሚቆመው ባለሱቁ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ።

እኔ ያደረግሁት ይህን ነው። ባለሱቁን አልተከራከርኩትም። ከተመላሾቹ ውስጥ ሞክሬ ደህና የሆኑትን ለየሁ፤ የጆሮ ላስቲካቸውን ቀየርኩ፣ በአልኮል ጠረግኋቸው፣ "ተከፍቶ የተመለሰ" ብዬ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፍኩባቸውና ዋጋቸውን ዝቅ አድርጌ ከታች መደርደሪያ ላይ ደረደርኳቸው። የእውነት የተበላሹትን ደግሞ ለጠጋኝ ለመለዋወጫ ሰጠኋቸው። ባለሱቁ ጽሑፉን አይቶ ፊቱን አጠቆረ። "ሱቁን ልታሰድበው ነው?" አለኝ። እስከ ማታ ስድስቱ ተሸጡ። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ተማሪዎች ሲገቡ አዲሱን ሳያዩ መጀመሪያ ወደ ታች መደርደሪያው ነው ጎንበስ የሚሉት፤ እስክሪብቶ ሲያልቅብኝም የሚገዛልኝ ባለሱቁ ሆኗል።